ከሰው ወደ ሰው የማይጋባ

ሚሊኒየሙ በገባበት ዓመት፣ በሚያዝያ፣ ቀበና ድልድይ አጠገብ ዝናብ ያዘኝና አንድ ኢንተርኔት ቤት ዘው አልኩ። ጎረቤቴ መምህር አባይነህ ቀድመውኝ ተጠልለው ኖሯል። ታሪክ ሲያስተምሩ የሸበቱ፣ አንዴ ካሉ አለቀ የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው ደግሞ እሳቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አዲስ የተቀጠረችው መምህርት ጵርስቅላ ነበረች።

«ጋሼ፣ ጥሩ ጊዜ መጡ» አለች ወንበሯን እየለቀቀችላቸው። «ይህ ድረ ገጽ የኒውክሌር ታሪክ ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ቤተ መጻሕፍት ነው። በነፃ ይነበባል።»

«ልጄ፣ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ያለው ነው። ሂሮሺማን ስንት ዘመን አስተምሬ፣ አሁን ከዚህ መስኮት ልማር?»

«ከቦምቡ ስለተረፉት ምን ይላሉ፣ ጋሼ?»

«ጨረሩን ለነካቸው ሁሉ ያጋባሉ እላለሁ። ተማሪው ደንግጦ ይሰማኛል፤ አይረሳውምም።»

«ተማሪዎቹስ አልረሱትም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ተማሪዎ መቅደላዊት እናቷን መንካት ፈርታለች። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ በመሣሪያ የሚሰጠውን የካንሰር ጨረር ሕክምናቸውን ጨርሰው ከተመለሱ ወዲህ አክስቷ ቤት ነው የምታድረው። ‹መምህር አባይነህ አስተምረውናል› ትላለች።»

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የእኔም የመምህሩም ጎረቤት ናቸው። ሰፈርተኛው ደጃቸውን መርገጥ የተወው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኛ ደግሞ «የተማረ ይግደለኝ» እንላለን፤ ይኸው!

መምህሩ ግን በቀላሉ አልተረቱም። «መጠንቀቅ ምን ይጎዳል?»

«አንብበው ይፍረዱ።»

ያነበቡት ከቦምቡ የተረፉ ሰዎች የተናገሩትን ነበር፤ ይጋባል በሚል ወሬ ብቻ ጎረቤት እንደሸሻቸው፣ የሚያገባቸው እንዳጡ። ከሥሩም የሐኪም ማብራሪያ አለ፤ የእነሱ ሕመም አይጋባም፣ ከሰውነቱ ውጭ ባለ መሣሪያ በጨረር የታከመ ሰውም ጨረር ይዞ ወደ ቤቱ አይሄድም ይላል። መምህር አባይነህ መነጽራቸውን አወለቁ። ቀና ብለው ሊያዩን አልቻሉም።

«ያ ወሬ እዚህ ቀበና ድረስ በኔ አፍ መጣ» አሉ። «አፈርኩ፣ ልጄ። በዚህ ሽበት አፈርኩ።»

«ማፈርዎ ብቻውን ለወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ምን ያደርግላቸዋል? ነገ ክፍል ገብተው ይናገሩ እንጂ።»

«በተማሪ ፊት?»

«ያስተማሩትስ በተማሪ ፊት አይደል?»

የማግስቱን የነገረችኝ ጵርስቅላ ናት፤ ከክፍሉ ኋላ ቆማ ነበር። መምህር አባይነህ ከኢንተርኔት ቤቱ በወረቀት ያሳተሙትን ገጽ ለተማሪዎቹ አነበቡ።

«ያስተማርኳችሁ ሐሰት ነበር፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። «ይህ ገጽ የተገኘበት የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት መከራውን ያዩትን በራሳቸው አንደበት ያናግራል፤ መምህርም ተማሪም እኩል ይገባበታል። ከእንግዲህ እኔ ሳልፈትሽ አላስተምርም። እናንተም እኔን ፈትሹ። ያልተፈተሸ ትምህርት እናትና ልጅ ያለያያል።»

መቅደላዊት ከመቀመጫዋ ተነሣች። ደብተሯን እንኳ ሳትሰበስብ፣ ሳታስፈቅድም፣ በሩን ከፍታ ወደ እናቷ ቤት ሮጠች። መምህር አባይነህ በሩን ራሳቸው ዘጉላትና ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው መለሱ፤ እንባቸውን ተማሪ እንዳያይባቸው።