የራስጌውን ገመድ ማን ይያዝ

ዛሬ የምንሰናበታቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጉሬዛው» እያለ የሚጠራቸው ዛፍ ቆራጭ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ቢገቡም፣ ከክፍሉ ይልቅ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ እየተገኙ መምህራኑን ስላስቸገሩ፣ ትምህርቱን ትተው የአጎታቸውን የዛፍ ቆረጣ ሥራ ተማሩ።

ሥራቸው በቤቶች መካከል የገዘፈን ዛፍ፣ ጣሪያም አጥርም ሳይነኩ፣ ከጫፉ ጀምሮ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ በገመድ እያሰሩ ማውረድ ነበር። እርሳቸው ከላይ ሲቆርጡ፣ ከታች ገመዱን በግንድ ላይ ጠምጥሞ ክብደቱን የሚይዘው ታናሽ ወንድማቸው ሲሆን፣ ከላይ «ልቀቅ» ካልተባለ አንድ ክንድ እንኳ አይለቅም ነበር። ሐቁን ለመናገር፣ ከእርሱ የተሻለ ገመድ ያዥ አልነበረም።

ከዛፍ ላይ ሆነው በመስኮት ያዩአቸውን የዛሬዋን ባለቤታቸውን በሽማግሌ አስጠይቀው አግብተው፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ታናሽየው ግን ክሬን ገዝቶ፣ የሳምንቱን ሥራ በአንድ ጧት እጨርሳለሁ እያለ ደንበኞቻቸውን ወሰደባቸው። መውሰዱስ ይሁን፣ እንጀራ ነው፤ ነገር ግን ወንድሙ ዛፍ ላይ ሳሉ በሰው ፊት «የጉሬዛ ዘመን አለፈ» ብሎ መሳቁን፣ ይህን የምታነበው የሁለቱም ታላቅ እኅት አልረሳችም፣ አትረሳምም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ዐይንና ናጫ ሆኑ።

ሟችም በእልኽ ገመዳቸውን አንጠልጥለው ሲሠሩ ኖረው፣ ገመድ እንዲይዝ በቀን ሒሳብ የቀጠሩት ሰው «ልቀቅ» ሳይባል ስለለቀቀ፣ ግንዱ ዞሮ ወገባቸውን ሰበራቸው። ክሬኑ እስከ ዛሬ ማንንም አለመስበሩን ማመን ግድ ነው፤ የሰበራቸው የክሬኑ ባለቤት ነው። አልጋ ላይ ሲማቅቁ ደጃቸውን አልረገጠም፤ የመጣው ዛሬ፣ ከሞቱ በኋላ ነው።

ሟች ግን ከማረፋቸው በፊት፣ ሬሳቸው ወደ መቃብር ሲወርድ የራስጌውን ገመድ ከታናሽ ወንድማቸው በቀር ማንም እንዳይነካው ተናዝዘዋል። ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፤ ከእርሱ ሌላ የማምነው የለም ብለው እምቢ አሉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት እኅታቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ልብ ይስጠን።

እንግዲህ ከሰው ኋላ የተደበቀው ወንድም ወጥቶ ገመዱን ይያዝ። ዛሬ «ልቀቅ» የሚለው ስለሌለ፣ ሣጥኑ መሬት እስኪነካ ድረስ እንዳይለቅ።