ያበጠው ፖስታ

ባሌ እዚህ አሜሪካ ታኮማ ካለው እስር ቤት ደውሎ «ሆዴን አሞኛል፣ በጥብጬ የምጠጣው እምነት ላኪልኝ» አለኝ። ከጸበል ቦታ የመጣውን የተባረከ አፈር በወረቀት ጠቀለልኩና፣ እንደምንም ከጻፍኳት ደብዳቤ ጋር ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ ልጄን አዝዬ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ስንት ቴምብር እንደሚፈልግ ስጠይቅ፣ እዚያ የምትሠራው ሐበሻ ፖስታውን ዳበስ አደረገችው።

«እህቴ፣ ይሄማ አብጧል፤ አንድ ቴምብር አይበቃውም። ምንድነው ውስጡ?»

«እምነት ነው። ባሌ ታሞብኝ...»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዱቄት? ያውም ለእስር ቤት? ኧረ በማርያም! መርዝ ነው ብለው እሱኑ ያስጨንቁታል። አውጪው!» አለችኝ። አወጣሁት። ፖስታውን መዘነችና «ኦኬ፣ አሁን አንድ ይበቃዋል» አለች።

ቴምብሩን ለጠፍኩ። ባሌ የለመነኝ ግን ደብዳቤ አልነበረም።