በጊዮርጊስ የሚዘጋው ዌብሳይት

ከምኒልክ አደባባይ በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ ላፕቶፕ ያቀፈች ልጅና ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«ሥራሽ ምንድነው ልጄ?»

«ለሱቆች ዌብሳይት እሠራለሁ እማማ። ሰው ስልኩ ላይ ሱቁን ያያል፣ እዚያው ያዛል። ከጓደኛዬ ጋር ዶሮ ማነቂያ አንድ ክፍል ተከራይተናል።»

«ገበያው እንዴት ነው?»

«ሰው ጠፍቶ ልንዘጋው ነበር። አንድ ወርቅ ሠሪ ሽማግሌ አዳኑን።»

«እንዴት አድርገው?»

«ሠርተን ስናስረክባቸው፣ ‹እኔ በጊዮርጊስ አልሠራም፤ ይሄም ይዘጋ› አሉን።»

«ልክ ናቸዋ!»

«እማማ፣ ዌብሳይት እኮ አይዘጋም! ስንት ተከራከርናቸው። ‹እኔ እያስቀደስኩ ሱቄ ሊነግድ?› ብለው ድርቅ አሉ።»

«እና?»

«ተሸነፍና። በሃያ ሦስት የከፈተው ሰው ‹ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፤ ነገ ይምጡ› የሚል ጽሑፍ ብቻ ያያል።»

«ደንበኛው አልሸሸም?»

«እንዲያውም በማግስቱ መጣ። ወሬውን የሰሙ የፒያሳ ባለሱቆችም ተከታትለው መጡ። አንዷ በማርያም ይዘጋልኝ አለች፣ አንዱ በገብርኤል። አሁን ሥራው በዝቶ ሦስተኛ ሰው ልንቀጥር ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«እኔ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። በሚካኤል ይዘጋልኛል?»

«ይዘጋልዎታል!»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ልምጣ?»

«ነገማ ጊዮርጊስ ነው እማማ፤ እኛም አንገባም።»

እኔ ነገ ቢሮ ገቢ ነኝ፤ «ወራጅ» እስክል ድረስ ለመቅረት ለአለቃዬ የምለውን ሳስብ ቆየሁ።