ማክሰኞ የማይዘጋው ክፍል፦ የዶክተር ሶረቲ ጉደታ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ በዚህ ዝናብና ጭቃ ከሳጉሬ፣ ከጮሌና ከሮቤ ድረስ መጥታችሁ ከእኛ ጋር የቆማችሁ ወገኖች፣ ይህን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ የዶክተር ሶረቲ የአባታቸው ታናሽ ወንድም፣ የእድራችን ጸሐፊ ቦና ቱሳ ነኝ። በትከሻዬ ተሸክሜ ያሳደግኋትን ልጅ አንቱ ማለት ለአፌ ቢከብደኝም ወጉ ነውና እንደ ወጉ አነባለሁ። አብዛኛውን ጽሑፍ በሕይወት ሳሉ ራሳቸው አይተው ያረሙት ሲሆን፣ እኔ ልጨምር የወደድኩትን ውዳሴ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውብኛል።

ዶክተር ሶረቲ ከአባታቸው ከአቶ ጉደታ ቱሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰፋሽ ደጀኔ በታኅሣሥ ወር 1968 ዓ.ም. በሳጉሬ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የእህል ነጋዴ ስለነበሩ ያደጉት በገብስና በስንዴ ጆንያ መካከል ነው፤ አባታቸውም ነቀዝ የገባበትን ጆንያ ሳይፈቱ ጆሮ አስጠግቶ በማዳመጥ ብቻ መለየትን አስተምረዋቸው ነበር። እኛ ትልልቆቹ ምንም ሳይሰማን የሰባት ዓመቷ ልጅ ይሄኛው ታሟል ብላ ትጠቁመን፣ ጆንያው ሲፈታም እንዳለችው ሆኖ ይገኝ እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሳጉሬ፣ ሁለተኛ ደረጃውን እዚሁ አሰላ ተከታትለው በከፍተኛ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ፣ በ1990 ዓ.ም. በጤና መኮንንነት ተመርቀው፣ ስሙ እንዳይጠቀስ ራሳቸው በጠየቁት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። ቀጥሎ የማነበው ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀር ብለው አደራ ያሉኝ ነው፤ እንዲነበብም ዛሬ በመካከላችን ከተቀመጡት ከወይዘሮ አይሻ ፈቃድ ተቀብለውበታል።

በ1992 ዓ.ም. ወይዘሮ አይሻ የሰባት ወር ልጃቸውን ሲፈንን አዝለው ሁለት ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያው መጥተው ነበር። ሕፃኗ ጡት ስትጠባ ግንባሯን ያልባታል፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ስታለቅስም ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ዶክተር ሶረቲም የሳንባ ምች ነው ብለው ሁለቱንም ጊዜ መድኃኒት ሰጥተው ሸኟቸው። በሦስተኛው ግን ወይዘሮ አይሻ በማለዳ ሲደርሱ በሩን ተዘግቶ አገኙት፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አባት ዐርፈው ስለነበር በአገራችን ልማድ መሠረት ሠራተኛው በሙሉ፣ ዶክተር ሶረቲም ጭምር፣ ወደ ቀብር ሄዶ ከዘበኛው በቀር በግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ሲመለሱ እናትየዋ በሩ ሥር እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ሕፃን ሲፈን ግን በእቅፋቸው ዐርፋለች። ዘበኛው ሰው ልኬ ላስጠራቸው ብሎ ጠይቋቸው ኖሮ፣ ቀብር ላይ ያለ ሰው አይጠራም፣ ነውር ነው ብለው የከለከሉት ራሳቸው ወይዘሮ አይሻ ነበሩ። ለዶክተር ሶረቲ ቢሰድቧቸው፣ ቢከሷቸው ይሻላቸው ነበር፤ እኚያ እናት ግን የሟቹን ስም ጠይቀው፣ ለሠራተኛው እግዜር ያጽናችሁ ብለው፣ ልጃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወጡ።

ዶክተር ሶረቲ ይህን ለሃያ ሦስት ዓመታት ከባለቤታቸው በቀር ለማንም አልተናገሩም። ባለቤታቸው መምህር ፍሰሐ አድማሱ ከደብረ ማርቆስ ተመድበው በሳጉሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ ሲሆን፣ በ1994 ዓ.ም. በሕግ ተጋብተው ልጃቸውን ብሩህን፣ ኋላም ሴት ልጃቸውን ሳምራን አፍርተዋል። ጎጇቸው ገና ሳይሞቅ ዶክተር ሶረቲ በ1995 ዓ.ም. ሕክምና ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሁላችንም ጤና መኮንንነት ምን አነሳት ብለን አጉረመረምን። የሲፈን ሕመም የልብ ቀዳዳ ሊሆን እንደሚችል የተረዱት በዚያ ትምህርት ላይ ነበር፤ በዚያ ዕለት ደብተራቸውን ዘግተው ሦስት ቀን ክፍል እንዳልገቡ መምህር ፍሰሐ ነግረውኛል።

በሐኪምነት ተመርቀው ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም. በሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነው ወደ አሰላ ተመለሱ። ማክሰኞን የልብ ሕሙማን ሕፃናት ቀን አድርገው በመሰየም፣ በቆዳ ሕመም የመጣውንም በሆድ ቁርጠት የመጣውንም ማዳመጫቸውን በመዳፋቸው አሙቀው ሳያዳምጡ የማይሸኙ ሆኑ። ይሁን እንጂ የሰሙትን ድምፅ ምንነት ለይቶ የሚያሳየው ኢኮ የተባለው መሣሪያም፣ በእሱ ለመሥራት የሚያስፈልገው ትምህርትም ስላልነበራቸው፣ ወደ አዲስ አበባ ልከዋቸው ተራ ሳይደርሳቸው ያለፉትን ሕፃናት ስም በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይጽፉ ነበር። ደብተሩ ሊሞላ ሲል፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ በሕፃናት የልብ ሕክምና ለመሠልጠን እንደገና ተማሪ ሆኑ።

በሥልጠናው ከባልደረቦቻቸው ሁሉ በዕድሜ ይበልጡ ነበር፤ ከአስተማሪዎቻቸው አንዱም ቀድሞ እሳቸው ያሠለጠኑት ወጣት ሐኪም ነበር። እሱ እያፈረ፣ እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሲሳሳቱ ታርመው፣ ያልገባቸውን ደግመው ጠይቀው ይማሩ ነበር። ለዕረፍት ሲመጡ ከገበያ ቀይ ሥር አስገዝተው፣ አራቱን የልብ ክፍሎች በቢላዋ ፈልፍለው፣ ቀዳዳው የቱ ጋ ቢሆን ደሙ በየት እንደሚያልፍ በጣታቸው እየተከተሉ ያጠናሉ፤ በዚያ ክረምት በቤታችን ያልተቦረቦረ ቀይ ሥር የበላ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። እንዲያርፉ ሁላችንም ለመንናቸው፤ እሳቸው ግን ዐርብ መድኃኒቱን ወስደው፣ ቅዳሜና እሑድ ተኝተው፣ ሰኞ ጸጉራቸው በረገፈ ራሳቸው ላይ ሻሽ አስረው ከሕፃናቱ አልጋ አጠገብ ይቆሙ ነበር። አንድም ቀን ሳይጎድልባቸው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በመስከረም ኢኮ መሣሪያ ይዘው አሰላ ገቡ።

አሁን የራሴን ጥፋት አነባለሁ፤ ይህን ሊሰርዙብኝ ፈልገው እምቢ ብያለሁ። ዶክተር ሶረቲ በማክሰኞ ቀን ቀብር ላይ አይገኙም ነበርና ኮራች፣ ከሰው ተራ ወጣች ሲባሉ፣ እኔም የእድር ጸሐፊ ነኝና በስማቸው ትይዩ ቀሪ እያልኩ ጻፍኩ። በጥር 2016 ዓ.ም. ባለቤቴ ወይዘሮ አይናለም ዐርፋ ቀብሯ ማክሰኞ ዋለ። እንደ እናት ያሳደገቻቸው ሴት ስትቀበር ሳይኖሩ ቀርተው አመሻሽ ላይ ሲመጡ ፊቴን አዞርኩባቸው፤ ሁለት ወር አላነጋገርኳቸውም። በመጨረሻ ቤቴ መጥተው የሲፈንን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩኝ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ወደ ምርመራ ክፍላቸው ሄጄ ከሕሙማኑ ሕፃናት ወላጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሮቤ የመጣች የአራት ወር ሕፃን ስትታይ ጠሩኝና ማዳመጫውን በጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ፤ በእያንዳንዱ ምት መካከል በጠባብ ቦይ እንደሚያልፍ ውኃ ሹው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው በመሣሪያው ስክሪን ላይ ያ ድምፅ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ከሕፃን ጭብጥ በማትበልጥ ልብ ውስጥ የተሰወረውን ነገር ሰው አይቶ፣ ለክቶ፣ ይህ ይደፈናል ሲል ሰምቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ ሕፃን አዲስ አበባ ተወስዳ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ አሁን በእግሯ ትሄዳለች።

ኢኮውን ይዘው ከመጡ ወዲህ በነበሩት ሃያ አንድ ወራት ዶክተር ሶረቲ ወጣቷን የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሃዊን አጠገባቸው አስቀምጠው እንደ ልጅ፣ አንዳንዴም ከልጅ በከፋ ጥብቅነት አስተማሩ። በዘንድሮው መጋቢት ሕመማቸው ወደ ጉበት መዛመቱ ሲነገራቸው የጠየቁት ስንት ማክሰኞ እንደቀራቸው ብቻ ነበር፤ መቆም ሲያቅታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው የዶክተር ሃዊን እጅ በቃል ይመሩ ጀመር። ከዕለታት አንድ ቀን ዶክተር ሃዊ አንድ ሕፃን መርምረው ውጤቱን ሲናገሩ፣ ዶክተር ሶረቲ ስክሪኑን ሳያዩ ዓይናቸውን ጨፍነው አድምጠው፣ የምጨምረው የለኝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ክፍሉ አልተመለሱም። ለቤተሰቡም አንድ ኑዛዜ ብቻ ተዉ፤ ቀብሬ በየትኛውም ቀን ይዋል፣ ማክሰኞ ከዋለ ግን ያ በር እንዳይዘጋ። ትናንት ሰኞ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ዶክተር ሶረቲ እናታቸውን ወይዘሮ አሰፋሽን፣ ባለቤታቸውን መምህር ፍሰሐን፣ ልጆቻቸውን ብሩህንና ሳምራን፣ እኔን አጎታቸውን፣ የሙያ ልጃቸውን ዶክተር ሃዊን፣ እንዲሁም ስማቸውን ዘርዝሬ የማልጨርሳቸውን ሕፃናት ትተው ሄደዋል። ዶክተር ሃዊን በዓይናችሁ የምትፈልጉ እንዳላችሁ አያለሁ፤ ቀርታለች ብላችሁም እንደምታሙ አውቃለሁ፣ እኔም አምቼ አውቃለሁና። ዶክተር ሃዊና የማክሰኞው ክፍል ነርስ ቀለሟ እዚህ የሉም። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ወደዚህ ስመጣ በዚያ በኩል አልፌ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ በአግዳሚው ላይ አሥራ ዘጠኝ እናቶች ተቀምጠዋል፣ ዶክተር ሃዊም ዓይናቸው በልቅሶ አብጦ ማዳመጫውን በመዳፋቸው ሲያሞቁ አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ በሃያ ስድስት ዓመት ጸሐፊነቴ ያላደረግሁትን አድርጌ፣ በእድሩ መዝገብ በሁለቱም ስም ትይዩ ተገኝተዋል ብዬ ጽፌያለሁ፤ በባለቤቴ ቀብር ዕለት በዶክተር ሶረቲ ስም ትይዩ የጻፍኩትንም ቀሪ ሰርዤ እንዲሁ አስተካክያለሁ።

የሰጠንና የወሰደን አምላክ ለቤተሰቡና ለወይዘሮ አይሻ መጽናናትን ይስጥልን፤ ዶክተር ሶረቲንም፣ ደጅ ላይ ቀርታ ያለፈችውን ሕፃን ሲፈንንም፣ በሩ በማይዘጋው ማረፊያው በአንድነት ያሳርፍልን። አሜን።