«ፋይናል» በተባለው የሕፃናት ክሊኒክ ቅጂ ጉዳይ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ማዕዶት ስምዖን
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ሲ.ኤም.ሲ፣ የቤት ቁጥር አዲስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ዑራኤል ቀጸላ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሊሊሳ ባላጠፋው ጥፋት ከረቡዕ ከሰዓት ጀምሮ ታስሮ ስለሚገኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መገናኛ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቱና ሥራ አስኪያጁ አቶ ፊሊጶስ ጉደታ ነው። ድርጅታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለሚገኝ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ የሕሙማን ካርድ የሚያዝበትን ፕሮግራም ሠርቶ ይከታተላል። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ ባክአፕ የምንለውን የመጠባበቂያ ቅጂ በየጊዜው እየወሰድን በቢሯችን ዲስክ ላይ እናስቀምጣለን። ለቅጂዎቹ ስም የሚሰጠው አቶ ፊሊጶስ ብቻ ነው። አንዱን «ኒው»፣ አንዱን «ኒው 2»፣ አንዱን «ፋይናል» ይለዋል። የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተወሰደ የሚናገር አንድም ስም የለም።

እኔና ሊሊሳ የክሊኒኩ ስምና የተወሰደበት ቀን ከነዓመቱ ይጻፍበት፣ ቀኑም የእኛ ይሁን የፈረንጅ ይለይ ብለን በስብሰባ ላይ ጠይቀናል። አቶ ፊሊጶስ ግን «ክርስትና እያነሳን ነው እንዴ? የቱ የቱ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ» ብሎ ሠራተኛውን አሳቀብን።

ኅዳር 7 ቀን ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመጣ የክሊኒኩ ዋና ኮምፒውተር ተቃጠለ። እኔና ሊሊሳ ሌላ ኮምፒውተርና ዲስኩን ይዘን ሄድን። በረንዳው ልጆቻቸውን በታቀፉ እናቶች ተሞልቶ ነበር። ዲስኩ በቅርቡ ተቀይሮ ሁሉም ቅጂዎች በአንድ ቀን ስለተገለበጡ ከስማቸው በቀር መለያ አልነበራቸውም። በዚያን ሰዓት አቶ ፊሊጶስ እንግዶች ይዞ እንጦጦ ፓርክ ነበር። የስክሪኑን ፎቶ በቴሌግራም ልኬ የትኛውን እንደምንጭን ጠየቅሁት። በድምፅ መልእክት «ፋይናል የሚለውን ጫኑት። ፋይናል ማለት ፋይናል ነው፤ ምን ያከራክራል?» ሲል መለሰ። ሊሊሳ ወዲያው ደውሎ «አቶ ፊሊጶስ፣ ሁሉንም በየተራ ከፍተን የትኛው የቅርብ እንደሆነ እንይና እንጫን፤ ትንሽ ጊዜ ይስጡን» አለው። «ደንበኛ አታስጠብቁ! ያልኩህን አድርግ» ብሎ ዘጋበት። ስለዚህ ያለውን አደረግን። የልጆቹ ስም ስክሪኑ ላይ ሲመጣ የክሊኒኩ ሠራተኞች አመሰገኑን።

ሰኞ ጠዋት ከክሊኒኩ ተደውሎ የአንዳንድ ልጆች ካርድ እንዳልተገኘ ለአቶ ፊሊጶስ ተነገረው። እኔም ሊሊሳም አጠገቡ ነበርን። «ቀስ በቀስ ይመጣል» ብሎ መለሰላቸው። ሊሊሳ ሄጄ ልየው ሲለው «ሌላ ሥራ አለብህ» ብሎ ከለከለው። በኋላ እንደተረጋገጠው የተጫነው ቅጂ ከስምንት ወር በፊት የተወሰደ ነው። የቅርቡ «ኒው 2» የተባለው ነበር።

የሚከተለውን በዓይኔ ያላየሁት፣ የክሊኒኩ ነርስ አምለሰት የነገረችኝ ነው። ሰኞ ከሰዓት አቶ ጁነይድ የተባለ አባት የአምስት ዓመት ልጁን ሳምራን ጉሮሮዋን አሟት ይዟት መጣ። ልጅቷ ፔኒሲሊን አይስማማትም፤ ይህም ባለፈው ክረምት ካርዷ ላይ ተመዝግቦ ነበር። አባትየው የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ያኔ አልነበረም። የማይስማማት መድኃኒት እንዳለ ሲጠየቅ «እናቷ ኮምፒውተሩ ላይ አለ ብላኛለች፤ እዩት» አለ። ነርሷም አየች፤ ቦታው ባዶ ነበር። ልጅቷ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋች። ወዲያው የልጅቷ ፊት አብጦ ትንፋሽ አጠራት። በክሊኒኩ የመጀመሪያ እርዳታ ተደርጎላት ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ሐኪሞቹ ደርሰውላት ተርፋለች።

ማክሰኞ ቢሮ ስገባ ዲስኩን ከፈትኩ። «ፋይናል» የሚባል ቅጂ የለም። በቦታው «የመጋቢት 2016 አሮጌ ቅጂ፣ እንዳይጫን» የሚል ተጽፏል። ስለምን እንደሆነ ማንም የሚገባው፣ ጥርት ያለ ስም ነው። ስንለምነው የከረመው ሰው እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ይችል ኖሯል! ማን እንደቀየረው አቶ ፊሊጶስን ስጠይቀው ዓይኔን እያየ «ድሮም ስሙ ይኸው ነው፤ ሊሊሳ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ነው የጫነው» አለኝ። ረቡዕ አቶ ፊሊጶስ «ሊሊሳ ደመወዝ አልጨምር ስላልኩት ሆን ብሎ ጉዳት አደረሰ» በማለት ለፖሊስ አመለከተ። ሊሊሳን ከቢሮ ሲወስዱት አቶ ፊሊጶስ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ትናንት ሐሙስ ልጅቷ ከሆስፒታል ስትወጣ እናቷ ወ/ሮ ዘሀራ ከባለቤቷ ጋር ቢሯችን መጣች። አቶ ፊሊጶስ ወንበር ስቦ ጥፋተኛው ተይዟል፣ ትክክለኛው መረጃም ተገኝቷል አላት። አልተቀመጠችም። «የት ነበር የተገኘው?» አለችው። «ኒው 2 የሚለው ውስጥ» አላት። ወ/ሮ ዘሀራም «እኔ እኮ ሳምራ ብዬ ነው ያስመዘገብኳት» አለችው። በቢሮው ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሰምተናል።

የቅዳሜውን የስክሪን ፎቶና የአቶ ፊሊጶስን የድምፅ መልእክት ከስልኬ ላይ ለመርማሪው አሳይቻለሁ፤ አሰምቻለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ ያልተናገርኩት አልተጨመረበትም፣ የተናገርኩትም አልተቀነሰበትም። አቶ ፊሊጶስ ፊት ቆሜ ድገሚው ብባል እደግመዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ማዕዶት ስምዖን

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ፎቶው ኅዳር 7 ቀን የተላከ ሲሆን «ፋይናል» የሚለው ስም በግልጽ ይነበባል፤ «እንዳይጫን» የሚል ጽሑፍ የለበትም። የድምፅ መልእክቱን አዳምጫለሁ። ሊሊሳ በዛሬው ዕለት ተለቋል። አቶ ፊሊጶስ ጉደታ በሐሰት ጥቆማ ቃሉን እንዲሰጥ መጥሪያ ወጥቶበታል።

ዋና ሳጅን ዑራኤል ቀጸላ፣ ፊርማ