እንግሊዝኛ የመሰለው ደብዳቤ

መካነ ሰላም እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ አንድ ወረቀት ይዘው ከች አሉ። ቤሩት ያለችው ልጃቸው በኮምፒውተር ጽፋ፣ በሰው እጅ በፍላሽ የላከችላቸው ደብዳቤ ነው፤ የከተማችን ታይፒስት አትማ ሰጥታቸዋለች። «እንግሊዝኛ ነው አሉኝ፤ እስቲ አንብብልኝ መምህር» አሉ። ፊደሉ እውነትም የእንግሊዝኛ ነው፤ ግን አንድም የማውቀው ቃል የለበትም! በየመሀሉ ደግሞ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት ተሰግስጎበታል። ወረቀቱን ገለባበጥኩት። የተማርኩትን ሁሉ ተጠራጠርኩ። እሳቸው አፍ አፌን ያያሉ። «ምነው፣ ከበደህ እንዴ?» ሲሉኝ አፈርኩና «ደህና ነኝ ነው የምትለው» አልኳቸው። «አልሀምዱሊላህ!» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ነገሩ ሲከነክነኝ አደረና በማግስቱ ታይፒስቷ ጋ ሄድኩ። «ውይ መምህር፣ ለካ አማርኛ ነው! የጻፈችበት የአማርኛ ፊደል ፎንት እኔ ኮምፒውተር ላይ ስላልነበረ ነው እንዲያ የሆነው። አሁን ከደሴ አስመጥቼ ጫንኩት» አለችኝ። ምንም አልገባኝም። አንዴ ጠቅ ስታደርግ ግን ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ ዓይኔ እያየ አማርኛ ሆኖ ቁጭ አለ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።»