ዓይናቸውን ጨፍነው የሰፉት ፊት

ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወገኖች ሆይ፣ እኅታችን የተጓዙበትን መንገድ በጥቂቱ እናሰማችኋለን።

ወይዘሮ አምሳለ ተድላ ከአባታቸው ከአቶ ተድላ ውብነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቱ ፈንታ በ1968 ዓ.ም. በአብደራፊ ተወልደው፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ ሁመራ ወርደው በሰሊጥ መጋዘን የጆንያ አፍ በመስፋት ሥራ ተሰማሩ። እጃቸው ፈጣን፣ ምላሳቸውም ከመርፌያቸው የማይተናነስ ነበር፤ የቀመሰው ሁሉ ዛሬ እዚህ ተቀምጧል።

ከአቶ ሓይሉ በርሄ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሙኡዝንና ሰሎሜን ወለዱ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ ቤተሰቡ ወደ ሱዳኗ ሐምዳይት ሲሻገር፣ የአሥራ አንድ ዓመቷን ሰሎሜን፣ ፎቶግራፎቿ ካሉበት ሻንጣ ጋር፣ ተከዜ ወሰዳት።

ገዳሪፍ ገብተው፣ እዚህ ሹዋል የሚባለውን ጆንያ መስፋት ቢጀምሩም፣ ለቅሶ ግን አልቀመጥም አሉ፤ ሬሳ በሌለበት፣ ፎቶ በማይያዝበት፣ ፊቷም ከልቤ በጠፋበት ማንን ብዬ ላልቅስ ይሉ ነበር። የልጃቸውን ፊት መርሳታቸው አንጀታቸውን ያሳርራቸው ነበር።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአሮጌ ጆንያ ላይ መርፌው ወደ መራቸው መስፋት ያዙ። ጎረቤታቸው ባለሱቋ ወይዘሮ ናጂያ ባለቀለም ክር ሰጧቸው። መጀመሪያ የወጣው ዓይን የሌለው ወፍና ውሃ መካከል የቆመ በር ነበር። ይህን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ክንፉ ተድላ ጆንያውን መተት መስሎት አቃጠለው፤ እሳቸውም ሌላ ጆንያ ዘረጉ። የነፍስ አባታቸው ግን አምላክ በልባቸው ጓዳ ያኖረውን ነው የሚፈልጉት፣ ተዉአቸው ብለው ገሠጹን።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ፊት ወጣ። ሰሎሜ ነበረች! በግራ ቅንድቧ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጠባሳ አባትም እናትም ዘንግተዋት ነበር፤ በልጅነቱ በድንጋይ የመታት ሙኡዝ ብቻ አስታወሳት። ልብ የረሳውን እጅ ከየት አገኘው? አጀብ ነው፤ ሌላ ቃል የለውም።

በሳምንቱ በወይዘሮ ናጂያ ግቢ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ጆንያው በፎቶ ፈንታ ከፍ ብሎ ተያዘ፤ ወይዘሮ አምሳለም ከአራት ዓመት በኋላ ልጃቸውን በስሟ ጠርተው አለቀሱ።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሙኡዝንና ጸጸቱ ያልለቀቀው አንድ ወንድም ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የፈለጓትን ልጅ ዛሬ ዓይናቸውን ገልጠው ይዩአት። አሜን።